አሥራ ሰባተኛው መስመር

«የመኪና ሞተር እኮ ነው አሉ» አለች ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት፣ እጆቿን ወደ ማስታጠቢያው ዘርግታ።

«የምን መኪና?» ጠየቀች አጠገቧ የተቀመጠችው።

«የቤት መኪና ነዋ። የዚያችው የትንሿ፣ ሁሉም ሰው የሚነዳት።»

«በእሱ ደግሞ ወደ ሰማይ ይወጣል?»

«መውጣቱንስ ወጣ። መውረዱን ነው ያልቻለበት።»

ውሃውን የምታንቆረቁርላቸው ኢሊሊ ነበረች። ሁለቱ ሴቶች የሟች እኅት መሆኗን አላወቁም። በምን ሊያውቁ? የሟች እኅት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች እንጂ እንግዳ አታስታጥብም። እሷ ግን መቀመጥ አቅቷት፣ ከጎረቤት ልጅ እጅ ማንቆርቆሪያውን ነጥቃ ከተነሣች ሁለት ሰዓት አልፏታል። አሁን ውሃው የሴትዮዋን እጅ አልፎ ክንዷን፣ ክንዷን አልፎ እጅጌዋን ሲያርስ እያየች ማንቆርቆሪያውን አላቀናችም።

«በቃኝ እኅቴ። በቃኝ አልኩሽ እኮ።»

«ይቅርታ» አለች ኢሊሊ። ቃሉ ከአፏ የወጣው እንደ ስድብ ነበር።

ጋዲሳ ከተቀበረ ገና አንድ ቀኑ ነው። ድንኳኑ የተተከለው ከሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ፣ በአባቷ በኦቦ ፈዬራ ግቢ ውስጥ ነው። እነዚያ ፎቆች የቆሙበትን መሬት ፈዬራ በወጣትነታቸው በበሬ አርሰውታል፤ ዛሬ የቀራቸው ይህ ግቢና በግቢው ጥግ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ብቻ ናቸው። በድንኳኑ አንድ ጥግ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ።

«የሚኒባስ ሞተር ቢገጥምለት ይሻል ነበር» አለ አንዱ ካርታውን እየዘረጋ። «ቢያንስ ‹ወራጅ አለ› ሲሉት ይቆማል።»

ሳቃቸውን በጉሮሯቸው አፈኑት። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አያሌው አብረው አልሳቁም፤ በመሥሪያ ቤት ዘመናቸው የለመዱትን የስብሰባ ድምፅ አውጥተው ወደ ፈዬራ ዞሩ እንጂ።

«ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ማንም አይክድም። ግን ኦቦ ፈዬራ፣ ለመኪና የተሠራ ለመኪና ነው። እግዜር ለሁሉም ቦታ ቦታውን ሰጥቶታል።»

ፈዬራ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቀብር ወዲህ ያልተነፈሱት ሰው፣ ዓይናቸውን ከቆርቆሮዋ ክፍል ሳያነሡ ተናገሩ።

«ሰልስቱ ይለፍ። እዚያ ውስጥ የቀረውን ብረት ቆራሌው ይውሰደው። ዓይኔ ሁለተኛ እንዳያየው።»

በክፍሏ ውስጥ ያለው ብረት ሁለተኛው ሞተር ነበር፤ ከጋዲሳ ጋር በአውሮፕላን የወደቀው ሞተር መንታ።

«አባባ» አለች ኢሊሊ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች። «ሞተሩ ምን አደረገ?»

«ልጄን በላ።»

ኢሊሊ ግን የነገሩን ጫፍ በዚያች ቅጽበት ጨበጠችው። ነገ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ያ ሞተር በቆራሌ ጆንያ ከወጣ፣ ጋዲሳ በዚህ ሰፈር አፍ ለዘላለም አንድ ነገር ሆኖ ይቀራል፤ በመኪና ሞተር ልብረር ብሎ የተፈጠፈጠ ሞኝ።

*

የመጀመሪያው ሞተር ጋዲሳ ወደሚሠራበት የጉርድ ሾላ ጋራዥ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር፣ ኋላዋን ሲኖትራክ ከጨፈለቃት መኪና ተፈትቶ። ሦስት ፒስተን ብቻ ያለው፣ ሁለት ሰው ከመሬት የሚያነሣው ሞተር ነው። ኢሊሊ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ከክፍሏ አንደኛ። ጋዲሳ ከአሥረኛ ክፍል ጋራዥ የገባ መካኒክ ቢሆንም፣ ከአስተማሪዎቿ ሁሉ ይልቅ እንድታስብ የሚያስገድዳት እሱ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ወንድወሰን ነው። ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር የእንግዳ ማረፊያ ያለው፣ ከሠርጉም ከልደቱም በላይ ስለ በረራ የሚያወራ ሰው። ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ነበረችው፤ ሞተሯ ሞቶ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሳለች። ጋዲሳን ማብረር አስተምሮ ፈቃድ እንዲያገኝ ያደረገውም እሱ ነው፤ በምላሹ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የምትነሣበትን ሞተር።

«ስሚ» አላት ጋዲሳ በዚያን ሰሞን፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነክቶት። «መኪና ውስጥ ይህ ሞተር በደቂቃ አምስት ሺህ ጊዜ ሲዞር ሹፌሩ ደንግጦ ማርሽ ይቀይርለታል። እዚያ ላይ ግን ከመነሣት እስከ መውረድ እየጮኸ መዋል አለበት። ፕሮፔለሩ ደግሞ ከዚያ ግማሽ በታች ካልዞረ አየሩን አይዝም። አስታራቂ ይፈልጋሉ።»

አስታራቂው ጥርስ ያለው ሰፊ ቺንጋ ሆነ፤ በአንድ ትንሽና በአንድ ትልቅ ጥርሳም ጎማ ላይ የሚዞር የላስቲክ ቀበቶ። የጥርሶቹን ቁጥር ኢሊሊ አሰላች። ሞተሩ በአዲስ አበባ ስስ አየር ከጉልበቱ ሩብ ያህል እንደሚያጣም አሰላች። ጋዲሳ እያንዳንዱን ቁጥር ከሰማ በኋላ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር፤ ቀድሞ በጆሮው ገምቶት፣ እሷ በወረቀት ስለምታረጋግጥለት።

የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ይህ እንደ አሮጌው ሞተር አይደለም። ኮምፒውተር አለው፤ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ይበላል። ዲናሞው ቢቆም በባትሪ ይቆያል፤ ባትሪው ካለቀ ግን ሞተሩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይሞታል። መኪና ሲሞትብሽ መንገድ ዳር ታቆሚያለሽ፤ ለመካኒክ ትደውያለሽ። እዚያ ላይ መንገድ ዳር የለም፣ ኢሊሊ።»

ስለዚህ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆነ። የቤንዚን ፓምፑ ሁለት፣ ባትሪውም ሁለት። ሞተሩም ራሱ መንታ ተገኘለት፤ በግቢያቸው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ለመሞከሪያ የሚቆም። ባትሪዎቹ ክብደት እንዳይጨምሩ ከውጭ የመጡ ትንንሾች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሞተሩን ለስምንት ደቂቃ ብቻ ያቆየዋል። ጋዲሳ በቢጫ ቀለም በአንደኛው ላይ ፩፣ በሁለተኛው ላይ ፪ ብሎ ጻፈ። ኢሊሊ ደግሞ ከመነሣት በፊት የሚነበብ፣ አርባ አንድ መስመር ያለው ዝርዝር አዘጋጀች። እሷ ታነባለች፣ እሱ ዕቃውን በእጁ ይነካና «አለ» ይላል። ሳይነካ «አለ» ማለት ክልክል ነው። አንዱ ከጎደለ መብረር የለም። ሕጉን ያወጣው እሱ ነበር፤ እሷ ጻፈችው እንጂ።

*

በዚያው በቀብሩ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ወንድወሰን ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ መጣ። ለፈዬራና ለእናቷ ለአዴ ጫልቱ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ጎንበስ ካለ በኋላ፣ ኢሊሊን ከድንኳኑ ጀርባ ጠርቶ የላስቲክ ከረጢት ሰጣት። ውስጡ የጋዲሳ ጃኬትና በአውሮፕላኗ ላይ ሆኖ የሞተሩን ቁጥሮች ይይዝ የነበረው ትንሹ መዝጋቢ ነበሩ።

«መርማሪዎቹ አይተው መለሱልኝ። ሞተሩ አየር ላይ ቆመ ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ለምን ቆመ?»

«አሁን ይህ ምን ይጠቅማል፣ እኅቴ? የሞተውን አይመልስም።»

ከረጢቱን ይዛ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ገባች። መዝጋቢውን ከላፕቶፗ ጋር አገናኝታ በመንታው ሞተር ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች። ቁጥሮቹ በረድፍ ወረዱ። የሞተሩ ሙቀት ልክ ነበር። የዘይቱ ግፊት ልክ ነበር። ዙሩ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አንድ ዓይነት ነበር። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ዲናሞው ቆሟል። ዲናሞ ይቆማል፤ ይህን ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ሁለት ባትሪ ያስፈለገው ለዚህ ነበር። ጋዲሳ ወዲያው ዞሯል፤ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ተነሣችበት የሣር ሜዳ ተመልሷል። ሜዳው አሥራ ሁለት ደቂቃ ይርቅ ነበር። ባትሪ አንድ ስምንት ደቂቃ ሰጠው። አራት ደቂቃ ቀረው። ከሥሩ ገደል ነበር።

ከዚያ የባትሪ ሁለትን ረድፍ አየች። ዜሮ። ወደ ላይ ወጣች፤ ዜሮ። እስከ መጀመሪያው መስመር፣ አውሮፕላኗ ገና መሬት ላይ እያለች እስከተመዘገበው ድረስ፣ ዜሮ።

ጃኬቱን አነሣች። በደረት ኪሱ ውስጥ አራት ጊዜ የታጠፈው ዝርዝር ነበር። አርባ መስመሮች ምልክት አላቸው። አሥራ ሰባተኛው ላይ፣ «ባትሪ ሁለት» በሚለው ትይዩ፣ ጋዲሳ ምልክት አላደረገም። አልዋሸም። በዚያ ተንጋዳ የእጅ ጽሑፉ ሦስት ቃላት ብቻ ጽፏል፦ «ለቅሶ ላይ ነው።»

ወንድወሰንን ለቅሶ ተቀምጦ ሊወጣ ሲል የግቢው በር ላይ ደረሰችበት።

«ባትሪው እንደሌለ ያውቁ ነበር?»

መነጽሩን አወለቀ። «ነግሮኝ ነበር። ለሰፈር ለቅሶ አውሶት እንዳልተመለሰ ነገረኝ። ሌላ ፈልጎ አጣ፤ እንደዚያ ያለ ቀላል ባትሪ ከውጭ ካልመጣ የለም።»

«ታዲያ?»

«እንግዶቼ መጥተው ነበር። አውሮፕላን በመግዛት ጉዳይ… ለሁለት ቀን ብቻ ነበር ከተማ ውስጥ ያሉት። ‹አንዴ ብቻ ዙርልኝ› አልኩት።»

«ለመዞር ገደል ማዶ መሄድ ያስፈልጋል?»

ወንድወሰን ወደ መሬት አየ። «ከሩቅ ስትመጣ እንዲያዩዋት ፈልጌ ነው። ስትመጣ ታምራለች።»

ኢሊሊ ልትመታው ፈለገች፤ እጇም ተነሥቶ ነበር። ያቆማት ርኅራኄ አልነበረም። አደጋው በደረሰበት ጠዋት እሷ ራሷ ሩዋንዳ አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተቀምጣ ነበር፤ ዝርዝሩን ያነበበለት ሰው አልነበረም። ጋዲሳ ጠያቂም መላሽም ሆኖ ብቻውን አንብቦታል። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ደርሶ ቆሟል፣ ጽፏል፣ ከዚያም ወደ አሥራ ስምንተኛው አልፏል። ከወንድወሰን ይልቅ፣ ከካርታ ተጫዋቾቹም ይልቅ በዚያች ሰዓት የተናደደችው በእሱ ነበር፤ መልስ በማይሰጣት ሰው።

«ቃልህን ሄደህ አስተካክል» አለችው፣ ‹እርስዎ› ማለቱን ትታ። «የጻፍከው ግማሹን ነው።»

*

በሰልስቱ ቀን ከቅዳሴ መልስ ድንኳኑ ሞላ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ዕድርተኞቹ የድምፅ ማጉያውን በባትሪ አገናኙት። ጋሽ አያሌው ማይክሮፎኑን ሁለቴ መታ መታ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድሞችና እኅቶች፣ ሐዘን ትምህርት ቤት ነው። ወጣቶቻችን ከአባቶቻቸው ምክር ወጥተው፣ ከአቅማቸው በላይ ሲንጠራሩ…»

ኢሊሊ ከእናቷ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምፁ ሲንቋረር ዓይኗ ሽቦውን ተከትሎ ከማይክሮፎኑ ወደ ማጉያው፣ ከማጉያው ወደ ጠረጴዛው ሥር ወረደ። እዚያ፣ በዕድሩ ድስቶችና በታጠፉ ወንበሮች መካከል፣ ከመኪና ባትሪ ያነሰ ጥቁር ሣጥን ተቀምጧል። ጎኑ ላይ ቢጫ ቀለም አለ።

ተነሣች። እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች፤ ጨርቁ ከጣቶቿ ሾለከ።

«…መኪና በምድር፣ ወፍ በሰማይ እንዲሉ፣ ለመኪና የተሠራን ሞተር…»

ኢሊሊ በጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ሽቦውን ነቀለችው። የጋሽ አያሌው ድምፅ በአንዴ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ከዚያም ጠፋ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ጋሽ አያሌው፣ ይህን ባትሪ ከየት አመጡት?»

«የዕድሩ ነው። ከዕቃዎቹ ጋር ነው የሚዞረው።»

ባትሪውን ጎትታ አውጥታ ቢጫው ቁጥር ወደ ሰዉ እንዲዞር አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የጋዲሳ ነው። የአውሮፕላኗ ሁለተኛ ባትሪ ይህ ነው። ወንድሜን የመኪና ሞተር አልገደለውም። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር፤ መዝገቡ እዚያ ክፍል ውስጥ አለ፣ ማየት የፈለገ ይምጣ። ለማረፍ አራት ደቂቃ ቀርቶት ኤሌክትሪክ አለቀበት። ይህ ስምንት ደቂቃ ይሰጠው ነበር። ይህ ግን እዚህ ነበር፤ ስለ ሞኝነቱ ንግግር ሊያሰማ።»

ከካርታ ተጫዋቾቹ መካከል አንዱ ካርታዎቹን ሰብስቦ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ቢጠይቀን እንመልስለት ነበር እኮ» አሉ ጋሽ አያሌው። «እኔ የእሱ መሆኑንም አላወቅሁ። ‹መልሱልኝ› ያለ ሰው የለም።»

«ለቅሶ የሄደ ዕቃ ይጠየቃል?»

ለለቅሶ የተዋሱት ዕቃ ድንኳኑ ሳይነሣ እንደማይጠየቅ በዚያ ድንኳን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ድንኳኑ ደግሞ በዚህ ወር ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ በሌላው ሲተከል፣ ባትሪውም ከወንበሩና ከድስቱ ጋር ሲዞር ሰንብቷል። ጋዲሳ በየበሩ ሲያልፍ አይቶት ይሆናል። አይቶት፣ አፍሮ፣ ዝም ብሎ አልፎ ይሆናል።

«አትጠይቁም፤ እሱም አልጠየቀም። እንደ እናንተው ነው ያደገው» አለች ኢሊሊ። «ሁላችሁም ግን ‹የመኪና ሞተር› ማለቱን ታውቁበታላችሁ።»

ከሴቶቹ መካከል እማማ ተናኜ ተነሡ። ባላቸው የሞቱት ከሃያ ቀን በፊት ነበር፤ ጥቁራቸው ገና አልደበዘዘም።

«እኔ ቤት ነው መጀመሪያ የመጣው» አሉ። «ያን ዕለት መብራት ጠፋ። ጋዲሳ ‹ጋሼ በጨለማ አያድሩም› ብሎ ተሸክሞት ገባ። አምፖሏን በራሱ እጅ ሰቀላት። እኔ መረቅሁት፤ ‹ዕድሜህን ያርዝመው› አልኩት።» ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። «ያኔውኑ ‹ልጄ፣ ባትሪህን ውሰድ› ማለት ነበረብኝ። እኔን ተቆጪ። ሰዉን ተይው፣ እኔን ተቆጪ።»

ኢሊሊ ለጋሽ አያሌው የተዘጋጀ ብዙ ቃል ነበራት፤ ለወንድወሰንም፣ ለካርታ ተጫዋቾቹም። ለእኚህ ሴትዮ አንድም አልነበራትም፤ የሌላት መሆኑም ይበልጥ አናደዳት። ቁጣዋ የሚያርፍበት ሜዳ አጥቶ ደረቷ ውስጥ ሲዞር ተሰማት።

ያኔ ፈዬራ ከወንበራቸው ተነሡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ወደ ጠረጴዛው ሄደው ባትሪውን በሁለት እጃቸው አነሡና፣ እንደታመመ ጥጃ ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ ከድንኳኑ ወጡ። ኢሊሊ ተከተለቻቸው።

ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ሲገቡ ጎንበስ አሉ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት አንድም ቀን ገብተውባት አያውቁም ነበር። መንታው ሞተር በእንጨት ማቆሚያው ላይ፣ ቺንጋው ተገጥሞ፣ ሽቦዎቹ ተለይተው ታስረው ቆሟል። በጎኑ ሁለት ባዶ መደርደሪያዎች አሉ።

«የቱ ጋ ነው ቦታው?» ጠየቁ።

«በስተቀኝ ያለው፣ አባባ።»

አስቀመጡት። ልክ ገባ። ከአጥሩ ውጭ የቆራሌው ጥሪ ተሰማ፤ ብረት፣ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ እያለ ቀስ ብሎ ቀረበ፣ በራቸው ፊት ለአፍታ ቆመ። ፈዬራ ዞር ብለው አላዩም። ጥሪው ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ አቅጣጫ ራቀ።

«እሱ እዚህ ሲሠራ፣ አንቺ የሆነ ነገር ታነቢለት ነበር» አሉ። «ከውጭ እሰማችሁ ነበር። ጸሎት ይመስለኝ ነበር።»

ኢሊሊ ከኪሷ አራት ጊዜ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። በሞተሩ ራስ ላይ ዘረጋችው። 

«አሥራ ሰባት» አነበበች። «ባትሪ ሁለት።»

ፈዬራ ወረቀቱን፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ዕርፍ የጨበጠውን ሰፊ መዳፋቸውን ዘርግተው በቢጫው ቁጥር ላይ አሳረፉት።

«አለ» ብለው መለሱላት።

እርሳሷን አንሥታ ከሦስቱ ቃላት አጠገብ ምልክቱን አደረገች። አባቷ ግን እጃቸውን ከባትሪው ላይ አላነሡም።